ወርቅ ፈልጎ ጨው ያገኘው ሊቅ

በዛሬው ጽሑፋችን የምናስተዋውቃችሁ ጀርመናዊውን የአልኬሚ ሊቅና ደራሲ ዮሐን ሩዶልፍ ግላውበርን ነው። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ግላውበር በ1604 ዓ.ም. በማይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በካርልሽታት ከተማ ከፀጉር አስተካካይ አባት ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመማር አልታደለም። ስለዚህ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ፣ ከባለሙያዎች ዘንድ እየዋለ፣ ጥበቡን በእጁ ሥራ ተማረ። የ14 ዓመት ልጅ ሳለ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ተነሥቶ እስከ 1648 ዓ.ም. አገሩን አጠፋ።

በዚያ ዘመን አልኬሚስቶች እንደ እርሳስ ያለውን ተራ ማዕድን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ይደክሙ ነበር። ግላውበርም ይህ እንደሚቻል ያምን ነበር። ይሁን እንጂ ስሙን ያስጠራለት ወርቅ ሳይሆን ጨው ነው። በወጣትነቱ በኦስትሪያ ታሞ ሳለ የአንድ ምንጭ ውኃ ጠጥቶ ተሻለው፤ ምክንያቱንም ሲመረምር በውኃው ውስጥ አንድ ጨው አገኘ። ይኸው ጨው የምግብ ጨው ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲሞቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተንኖ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነው። እርሱ ድንቅ ጨው አለው፤ ሌላው ዓለም ግን የግላውበር ጨው ብሎ ጠራው፤ የሳይንስ ስሙም ሶዲየም ሰልፌት ነው። ለረጅም ዘመን ሆድ ለማስቀመጥ መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል፤ ዛሬም ለልብስ ሳሙና ዱቄት፣ ለመስተዋትና ለጨርቅ ማቅለሚያ ሥራ ይውላል።

ግላውበር ከ1646 እስከ 1649 ዓ.ም. ስለ አዳዲስ ምድጃዎች አሠራር አምስት ክፍል ያለው መጽሐፍ በአምስተርዳም አሳተመ። ሊቃውንቱ በላቲን በሚጽፉበት ጊዜ እርሱ የአገሩ ሰው በሚያውቀው በጀርመንኛ ጻፈ። ከ1656 ዓ.ም. ጀምሮም በጦርነት የደኸየችው አገሩ በራሷ እንጨት፣ ወይን፣ እህልና ማዕድን ልትቋቋም እንደምትችል የሚያስረዳ ሌላ መጽሐፍ በተከታታይ አወጣ።

ሆኖም መተዳደሪያው የሙያውን ምስጢር መሸጥ ስለ ነበር፣ አንዳንዱን ቅመም ከአንባቢ ሸሸገ። ምስጢሬን አወጣብኝ በማለትም ከቀድሞ ረዳቱ ጋር በጽሑፍ ተካሰሰ። በ1649 ዓ.ም. ከስሮ ነበር፤ በመጨረሻም ዕድሜውን ሙሉ ከምድጃው የተነፈሰው የመርዛማ ማዕድናት ጢስ ጤናውን ሳያቃውሰው እንዳልቀረ ይታመናል። ለዓመታት ከአልጋ ላይ ውሎ በመጋቢት 1670 ዓ.ም. በአምስተርዳም ዐረፈ።

ከዚህ ሰው ታሪክ እኛ ወጣቶች ብዙ እንማራለን። የሸሸገው ምስጢር ከድህነት አላዳነውም፤ በሕዝቡ ቋንቋ የገለጠው ግን ከሞተ ከ350 ዓመታት በኋላም ይሠራበታል። ስለዚህ በየትምህርት ቤታችን የቀሰምነውን እውቀት ለራሳችን ብቻ ይዘን አንቅር፤ ዕድሉን ላላገኙት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ እናካፍል።