ወረፋን ለኮምፒውተር ያስተማረው ሰው

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ታሪክ አምድ የማቀርብላችሁ የኖርዌዩን የኮምፒውተር ሊቅ የክሪስተን ኒጋርድን የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒጋርድ ኦገስት 27 ቀን 1926 በኦስሎ ከተማ ተወለደ። በ1948 በሀገሩ የመከላከያ ምርምር ተቋም ተቀጠረ። እዚያም ለኖርዌይ የመጀመሪያ የኒውክሌር ማብላያ የሚያስፈልገውን ስሌት ከጓደኞቹ ጋር በእጅ ይሠራ ነበር። በ1960 ወደ ኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ተዛወረ።

እዚያ አንድ ጥያቄ ያዘው። ፋብሪካ ሳይሠራ በፊት ሥራው የት ቦታ እንደሚጨናነቅ በኮምፒውተር መሞከር ይቻላል ወይ? ስለዚህ ከኦሌ ዮሐን ዳል ጋር ሆኖ ከ1962 ጀምሮ ሲሙላ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠሩ። ይህ ቋንቋ የተሠራው በክስተት ላይ ነው። ክስተት ማለት አንድ ነገር ሲሆን ነው።

በኛ ሰፈር ምሳሌ ላስረዳችሁ። ኡራኤል የታክሲ ወረፋ አለ እንበል። 1፡10 ላይ ሚኒባስ ደረሰ፤ ሰው ሞልቶ ሄደ። ቀጣዩ የሚመጣው 1፡25 ነው። እኛ 15 ደቂቃ ቆመን እንጠብቃለን። በሲሙላ የተሠራ ፕሮግራም ግን ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ሰዓቱን ከ1፡10 ወደ 1፡25 ያዘልለዋል። ልክ እንደ ተራ አስከባሪ ክስተቶቹን በሰዓታቸው አሰልፎ በየተራ ይጠራቸዋል። አንዱ ክስተት ደግሞ ሌላውን ይወልዳል። እንደዚህ የሙሉ ቀን ወረፋ በአጭር ጊዜ ይታያል ማለት ነው።

ሲሙላ 67 የተባለው ሁለተኛው ቋንቋ ደግሞ በጣም ታዋቂ ሆነ። ዛሬ የሚሠራባቸው ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫ ሐሳባቸውን ከሱ ወስደዋል።

ነገር ግን ኒጋርድን አንድ ነገር አሳሰበው። ፕሮግራሙ ሥራን ስለሚያጠና፣ አለቆች ብቻ ካወቁት ሠራተኛው ሳይጠየቅ ሥራው ሊቀየርበት ወይም ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ በ1970ዎቹ ወደ ብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሄዶ ሠራተኞቹ ስለ ኮምፒውተር እንዲማሩ አብሯቸው ሠራ። ከዚያ በኋላ በኖርዌይ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣ ሠራተኛው አስቀድሞ እንዲያውቅና ሐሳብ እንዲሰጥ የሚያደርግ ስምምነት ተፈረመ።

ሁለቱ ጓደኛሞች የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት አብረው ተሸለሙ። ይህ ሽልማት የኮምፒውተር ኖቤል ይባላል። በ2002 ዳል ጁን 29 ቀን ሞተ፤ ኒጋርድም ከስድስት ሳምንት በኋላ ኦገስት 10 ቀን በ75 ዓመቱ ተከተለው።

እኔ በጣም የወደድኩለት ቋንቋውን መፍጠሩን ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው አዲስ ነገር ሠርቶ ሲመሰገን እዚያው ያቆማል። እሱ ግን የሠራው ነገር ማንን ሊጎዳ እንደሚችል አሰበ፤ አስቦም ዝም አላለም። ወደፊት ፕሮግራመር መሆን የምትፈልጉ ተማሪዎች ይህን አትርሱ።