የሚጥል በሽታና ባለመስመሯ ዓሣ

ቆቦ ገበያ መሀል ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ፣ እንደ ሌላውም አገራችን፣ ቶሎ የሚፈለገው ክብሪት ነው፤ ጭሱን እንዲያሸት። ሐኪም ቤት የደረሰው ክኒን ይታዘዝለታል። ግን ከሦስት ሕሙማን አንዱን ያህል ክኒኑ በደንብ አያቆምለትም። ለነዚህ ሰዎች ነው ዛሬ ተመራማሪዎች አዲስ መድኃኒት በዜብራ ዓሣ ላይ የሚሞክሩት።

ዓሣዋን ለዚህ ያበቃት ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ቡዳፔስት ተወለደ፤ አይሁዳውያን ቤተሰቦቹ ናዚን ሸሽተው ኒውዮርክ ሲገቡ ገና ልጅ ነበር። በ1960 ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች ጥናት ስም ያወጣ ሰው፣ የነርቭን አሠራር ለማወቅ ብሎ ሰው ቤቱ በመስታወት ገንዳ ለጌጥ የሚያኖራትን ዓሣ ይዞ ቁጭ አለ! ሞኝ አልነበረም። ሴቷ በአንዴ መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ጽንሱ እንደ ብርጭቆ ስለሚያሳይ ልቡ ሲመታ፣ አንጎሉ ሲያድግ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ዓመታት ለፍቶ በ1981 ፍጹም ተመሳሳይ ዘር ያላቸውን ዓሦች ማራባቱን ይፋ አደረገ። በ1984፣ በ56 ዓመቱ፣ ድንገት አረፈ።

በ2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ድራቬት የተባለውን የልጆች ብርቱ የሚጥል በሽታ የሚያመጣ የዘር ጉድለት ባለባቸው የዓሣ ጫጩቶች ላይ ብዙ መድኃኒቶች ተሞከሩ፤ ክሌሚዞል የሚባል የቆየ የአለርጂ መድኃኒት መንቀጥቀጡን ሲያበርድላቸው ታየ።