ቻርልስ ቫለንታይን ራይሊ፦ የተባይን ጠላት ከባሕር ማዶ ያስመጣው ሊቅ

በአገራችን የጽጌረዳ እርሻዎች ቅጠል የሚመጥጠውን ቀይ የሸረሪት ማይት ለመግታት፣ መርዝ በመርጨት ፈንታ ፊቶሴዩለስ የተባለውን አዳኝ ማይት በግሪንሃውስ ውስጥ መበተን የተለመደ አሠራር ሆኗል። ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ መቆጣጠር በራሱ ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ ቻይናውያን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጉንዳን በብርቱካን ዛፎቻቸው ላይ ያሰፍሩ ነበር። ጠላቱን ተባዩ ከመጣበት አገር ፈልጎ በባሕር ማሻገርን መደበኛ የመንግሥት ሥራ ያደረገው ግን ራይሊ ነው።

ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በፈረንሳይና በጀርመን ከተማረ በኋላ በ17 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኢሊኖይ እርሻ ላይ ሠራ፤ ቀጥሎም በቺካጎ ለገበሬዎች በሚታተም ጋዜጣ ስለ ነፍሳት ይጽፍ ጀመር። በ1868 የሚዙሪ ግዛት የሥነ ነፍሳት ሹም ሆኖ ተሾመ። ዘጠኙ ዓመታዊ ዘገባዎቹ ሠዓሊነቱንም የሚያስመሰክሩ ናቸው።

በዚያን ጊዜ ፊሎክሴራ የተባለው ሥር በል ተባይ የፈረንሳይን ወይን ያጠፋ ነበር። ራይሊ ተባዩ ከአሜሪካው ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1873ም ተባዩን ያጠፋል ብሎ ያመነበትን ማይት ወደ ፈረንሳይ ላከ። ማይቱ አገሩን ቢለምድም ተባዩን አልገታም። ወይኑን ያዳነው የአውሮፓን ወይን ቅርንጫፍ ከአሜሪካ ወይን ሥር ጋር ማጣበቅ ሲሆን፣ በዚህም ራይሊ ድርሻ ነበረው።

ዝናው የቆመበት ሥራ የመጣው በፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት የሥነ ነፍሳት ኃላፊ በነበረበት ዘመን ነው። አይሰሪያ የተባለው፣ የእንቁላል ከረጢቱ ጥጥ የሚመስል ተባይ የካሊፎርኒያን ብርቱካን ያደርቅ ነበር። ገበሬዎች ዛፉን በድንኳን ሸፍነው በሳያናይድ ጋዝ ያጥኑት፣ ተስፋ ሲቆርጡም ነቅለው ያቃጥሉት ጀመር። ራይሊ የተባዩ መነሻ አውስትራሊያ ናት ብሎ ደመደመ። ምክር ቤቱ ለሠራተኞቹ የውጭ ጉዞ ገንዘብ ስለ ከለከለ፣ በ1888 ረዳቱን አልበርት ኮበልን የላከው ለሜልቦርን ዐውደ ርዕይ በተመደበ ገንዘብ ነበር።

ራይሊ ተስፋውን የጣለው በአንዲት ጥገኛ ዝንብ ላይ ነው። ኮበል ግን ዝንቧን ሲሰበስብ በአደላይድ ከተማ አይሰሪያን የምትበላ ትንሽ ቀይ ጥንዚዛ አገኘ፤ ሮዶሊያ ትባላለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጭነቶች 129 ብቻ ሎስ አንጀለስ ደረሱ፤ በድንኳን በተሸፈነ አንድ የብርቱካን ዛፍ ላይም ተለቀቁ። በሚያዝያ 1889 ድንኳኑ ሲከፈት ዛፉ ከተባዩ ጸድቶ ነበር። ገበሬዎች ከዚያ እየወሰዱ በየእርሻቸው አሰፈሯቸው፤ ዓመቱ ሳያልቅም የካሊፎርኒያ ብርቱካን ከጥፋት ተረፈ።

ገበሬዎቹ ለኮበል የወርቅ ሰዓት፣ ለባለቤቱ የአልማዝ ጉትቻ ሸለሙ። ራይሊ የዕቅዱ ባለቤት ተዘነጋ ብሎ ቅር ተሰኘ፤ ክርክሩም መረረ። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ሐሳቡ የራይሊ፣ ማስተዋሉ የኮበል ነው፤ የራይሊ ምርጫ የነበረችው ዝንብም ብትሆን በባሕሩ ዳርቻ ተባዩን በመግታት ዋጋዋን አሳይታለች።

ራይሊ በ1894 ሥራውን ለቀቀ፤ በማግሥቱ ዓመት በመስከረም፣ በዋሽንግተን ጎዳና ብስክሌት ሲነዳ ድንጋይ አደናቅፎት ወድቆ በ51 ዓመቱ ሞተ። የሰበሰባቸውን ነፍሳት አስቀድሞ ለብሔራዊው ሙዚየም አበርክቶ ነበር። ሮዶሊያ ግን እስከ 1940ዎቹ ድረስ ያለ ማንም ድካም የካሊፎርኒያን ብርቱካን ጠበቀች። ያኔ ሌሎች ተባዮችን ለማጥፋት ዲዲቲ ሲረጭ ጥንዚዛዋ አለቀች፤ አይሰሪያም ተመልሶ ዛፎቹን ወረረ።