ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት መድፍ

የቋራው ተወላጅ ካሣ ኃይሉ በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን አጠገብ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ጀግንነት አልጎደላቸውም፤ ነገር ግን መድፍ የታጠቀውና በሥነ ሥርዓት የሠለጠነው ጦር ድል ነሣቸው። የዚያ ቀን ቁጭት፣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላም አልለቀቃቸውም።

ንጉሠ ነገሥቱ የተመኙት መሣሪያ ከውጭ ለማስመጣት ብቻ ሳይሆን ጥበቡን ከአገር ለማስቀረት ነበር። ስለዚህ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን አሰፈሩ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከእነርሱ ዘንድ እየሠሩ እንዲማሩ አደረጉ። ሚስዮናውያኑ መድፍ ሠርተው ስለማያውቁ አንችልም ቢሉም ተገደዱ። ምድጃው ታነጸ፤ ነሐሱ ቀለጠ፤ ሙከራው ቢከሽፍም እንደገና ተጀመረ። በመጨረሻም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

ተማሪዎች ሆይ፣ እስቲ የጋይንትን ገደልና ሸለቆ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አገሩ በዐመፅ ተሞልቶ፣ ሠራዊቱም በየቀኑ እየከዳ ሳለ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያን መድፍ በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ ስላልነበረ ዓለቱ እየተፈለጠ ተሠራ፤ እርሳቸውም ከወታደሩ ጋር ድንጋይ አነሡ። በጋይንትና በጨጨሆ አልፈው፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ ሆነ። እንግሊዞች ፈጣን ጠመንጃና በበቅሎ የሚጫን ሮኬት ይዘው ነበር። ሮኬት በውስጡ የሚነደው ባሩድ ጋዙን ወደ ኋላ ሲተፋ ራሱ ወደ ፊት የሚወረወር መሣሪያ ነው። ከአምባው የተተኮሱት መድፎች ዒላማቸውን ሳቱ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ከብዙ ወታደር ጋር ወደቁ። ከሦስት ቀን በኋላ መቅደላ ሲያዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ሠዉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ ይገኛል። በጋፋት የተጀመረው ትምህርት ግን ሥር ሳይሰድ ተቋረጠ። መድፍን በትእዛዝ ማሠራት ይቻል ይሆናል፤ ጥበብን ለልጅ ልጅ ለማስተላለፍ ግን ሰላም፣ ጊዜና ፈቃደኛ ተማሪ ያስፈልጋሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ያጡት እነዚህን ነበር፤ እናንተ ግን አላችሁን?