ሚዛን ያላጎደሉት ሸይኽ ጀበርቲ

አል ናህዳ የሚለው ስም በዐረብኛ መነቃቃት፣ ከተኙበት መነሣት ማለት ነው። ዱባይንና ሻርጃን በሚያጎራብተው በዚህ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስሙን በየቀኑ ይጠራዋል። የታሪክ ሊቃውንትም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐረቡ ዓለም የታየውን የዕውቀት መነሣሣት የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። በዚያ ዘመን ዋዜማ በካይሮ የኖሩ፣ የዘር ሐረጋቸው ግን ከእኛው ምድር የሚመዘዝ አንድ ታላቅ ዓሊም ነበሩ፤ ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ። ዓለም የሚያውቃቸው በታሪክ ጸሐፊነታቸው ነው። ለዛሬ የምናነሣው ደግሞ የዘመናቸውን ዑለማዎች ስምና ተግባር የመዘኑበትን አማና ነው።

ጀበርቲ የሚለው መጠሪያ ጀበርት ከተባለው፣ ከዘይላ ወደብ በስተኋላ ካለው የሐበሻ ሙስሊሞች አገር የመጣ ነው። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በጂዳና በመካ በኩል ወደ ካይሮ ገቡ፤ በአል-አዝሀር መስጂድም የጀበርቲዎች ሪዋቅ አለቃ ሆኑ። ሪዋቅ ከየአገሩ የሚመጡ ደረሶች በየወገናቸው የሚያድሩበትና የሚማሩበት የመስጂዱ ክፍል ነው። አለቅነቱ በቤተሰቡ ውስጥ ሲወራረስ ቆይቶ ለሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ደረሰ። ሸይኽ ሐሰን በሐነፊ መዝሀብ ፊቅህ፣ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የተራቀቁ ሊቅ ነበሩ። በሂጅራ አቆጣጠር በ1172 የካይሮ ገበያ ሚዛኖች ተዛብተው ሲገኙ፣ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሚዛኑንና የሚዛኑን ድንጋይ ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው።

ዐብዱረሕማን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1753 በዚህ ቤት ነው። አባታቸው ብዙ ልጆች ወልደው ነበር፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። አባታቸው በ1774 ሲሞቱ ሀብቱን፣ የመጻሕፍቱን ስብስብና የሪዋቁን ኃላፊነት ወረሱ። ወደ ታሪክ ሥራ የሳቧቸው ታጅ አል-ዐሩስ የተባለውን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ሙርተዷ አዝ-ዘቢዲ ናቸው። ዘቢዲ የዘመኑን ሰዎች የሕይወት ታሪክ በመሰብሰብ እንዲያግዟቸው ጠየቋቸው። በ1791 ወረርሽኝ ዘቢዲን ሲወስዳቸው ሥራው ተቋረጠ። ጀበርቲ ማስታወሻዎቻቸውን አልጣሉም፤ ከዓመታት በኋላ ዐጃኢብ አል-አሣር የተባለውን ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ ጻፉበት። በመግቢያው መጽሐፉን ለባለ ሥልጣን ለማገልገል ወይም መንግሥትን ለመካብ እንዳልጻፉት አሳወቁ። ወሬ ሰምተው ወዲያው አይመዘግቡም ነበር፤ ከብዙ አቅጣጫ እስኪረጋገጥ ይጠብቁ ነበር።

በ1798 የፈረንሳይ ጦር በናፖሊዮን እየተመራ ግብፅን ያዘ። ወራሪዎቹ የአል-አዝሀርን ሸይኾች ሰብስበው ዲዋን አቋቋሙ። ጀበርቲም በኋላ ጄኔራል ሜኑ ባቋቋመው ዲዋን ውስጥ አባል ሆነው ተቀመጡ። ፈረንሳዮች በ1801 ለቀው ሲወጡ ፈረንሳዮችን የሚያወግዝና ዑስማኒያዎችን የሚያወድስ መጽሐፍ ጽፈው ለዑስማኒያው ዋና ሚኒስትር ለዩሱፍ ፓሻ አበረከቱ። ለባዕድ ዲዋን የተቀመጠ ሰው ጌታው ሲለወጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማቅረቡ ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። የሸይኹን ታማኝነት የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ዐጃኢብን ሲያዘጋጁ ውዳሴውን ቀነሱ፤ የዑስማኒያ ወታደሮች በሕዝቡ ላይ ያደረሱትን ግፍም ጻፉ። ጄኔራል ክሌበርን የገደለው ሱለይማን አል-ሐለቢ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ሳለ ፈረንሳዮች ያለ ፍርድ እንዳልገደሉት፣ ምርመራና ችሎት እንዳካሄዱ መዘገቡ። ሙስሊም ነን እያሉ ያለ ፍርድ የሚገድሉ ወታደሮች ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ የሚያሳፍሩ መሆናቸውንም አልሸሸጉም። በራሳቸው ብዕር የጻፉትን በራሳቸው ብዕር አረሙ።

ከባዱ ፈተና ግን ከገዛ ወገኖቻቸው ከዑለማዎች ዘንድ መጣ። በ1805 የካይሮ ሕዝብ በዑስማኒያው ገዢ በኹርሺድ ፓሻ ላይ ሲነሣ መሪው ዑመር መክረም ነበሩ። እሳቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘሮች አለቃ፣ ማለትም ነቂብ አል-አሽራፍ ናቸው። ከአል-አዝሀር ሸይኽ ከዐብዱላህ አሽ-ሸርቃዊ ጋር ሆነው ሙሐመድ ዐሊን በሥልጣን ላይ አስቀመጡ፤ ከዑለማዎች ጋር እየተማከረ በፍትሕ እንዲያስተዳድርም ቃል አስገቡት።

ቃሉ ብዙ አልዘለቀም። በ1809 ፓሻው በወቅፍ መሬቶችና እስከዚያ ከግብር ነጻ በነበሩ ይዞታዎች ላይ ግብር ሊጥል ተነሣ። ዑለማዎቹ ተቃወሙ፤ አንድ ሆነው ለመቆምም ተማማሉ። ነገር ግን ሸይኽ ሙሐመድ አል-መህዲና ሸይኽ ሙሐመድ አድ-ደዋኺሊ ወደ ፓሻው ዘንድ መመላለስ ጀመሩ። ዑመር መክረም በአቋማቸው ጸኑ፤ ወደ ፓሻው ምሽግ ለመውጣት እንኳ እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ተሽረው ወደ ዲምያጥ ተጋዙ።

ግዞቱ ብቻ አልበቃም። ወደ ኢስታንቡል የሚላክ የክስ ጽሑፍ ተዘጋጀ፤ ከክሶቹ አንዱ የነቢዩ ዘር ያልሆኑ ሰዎችን በአሽራፍ መዝገብ አስገብተዋል የሚል ነበር። ትናንት ከዑመር መክረም ጋር የተማማሉት ሸይኾች ማኅተማቸውን አኖሩበት። የሐነፊዎች ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ አሕመድ አጥ-ጠሕጣዊ ግን አልፈርምም አሉ። ባልደረቦቻቸው ተነሡባቸው፤ ሙፍቲነታቸው ተገፎ ለሸይኽ ሑሰይን አል-መንሱሪ ተሰጠ። ጠሕጣዊ ያለ ጠብና ያለ ልመና ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። መንሱሪ ካረፉ በኋላ ሹመቱ ወደ እሳቸው ተመለሰ። በዑመር መክረም ላይ ያሴሩት ደዋኺሊ ደግሞ በኋላ ያንኑ የነቂብነት መንበር ቢያገኙም በ1816 እሳቸውም ተሽረው ተጋዙ።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚታወቀው በብዛት ጀበርቲ ስለጻፉት ነው። ጸጥ ማለት ይቀላቸው ነበር፤ የሚጽፉባቸው ሰዎች አብረዋቸው የሚሰግዱ፣ በአንድ መስጂድ ያስተማሩ ባልደረቦቻቸው ነበሩና። ዝናን ከታማኝነት ለይተው አዩ። ስለ አሽ-ሸርቃዊ ሲጽፉ ከድህነት ተነሥተው የደረሱበትን ዕውቀትና የጻፏቸውን ኪታቦች ዘረዘሩ፤ ጥምጣማቸውን እያሳደጉ እስኪተረትበት መድረሳቸውንም አልተዉትም። ዑለማዎች በመሬት ገቢና በሒሳብ ተጠምደው ኑሯቸው የመኳንንት ኑሮ መምሰሉን፣ በዚህም በሕዝቡና በገዢዎቹ ዓይን መቅለላቸውን መዘገቡ። ሐሜት እንዳይሆንባቸው ከስሕተቱ ጋር በጎውንም አኖሩ። ግብሩን አብዝተው የነቀፉትን ፓሻ እንኳ ቆራጥነቱንና ብልኀቱን አልካዱትም፤ ጥቂት ፍትሕ ቢጨምርበት በዘመኑ ወደር አይገኝለትም ነበር ብለው አምነዋል።

መጨረሻቸው ኀዘን ነበር። በ1822 ልጃቸው ኸሊል ከሹብራ ወደ ካይሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ተገደለ። ሸይኹ ከዚያ በኋላ ብዕራቸውን አላነሡም፤ በልቅሶ ብዛት ዓይናቸው ጠፋ፤ በ1825 ወደ አኼራ ሄዱ። መጽሐፋቸው በግብፅ ለረጅም ዘመን እንዳይታተም ታገደ፤ በቡላቅ ማተሚያ ቤት ሙሉው የታተመው ከሞቱ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1879ና በ1880 ነው።

ዛሬ የአንድ ዳዒ ድምፅ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ተነሥቶ በአል ናህዳ ለሚኖር ሠራተኛ በእጅ ስልኩ ይደርሳል። አድማጩ ዲኑን የሚማረው፣ ከደሞዙ ቀንሶ ሶደቃውን የሚያወጣው ያንን ድምፅ አምኖ ነው። ስለዚህ የዳዒው ስም ለአድማጮቹም አማና ነው። አሽ-ሸርቃዊ ታላቅ መንበር፣ ጠሕጣዊም ሙፍቲነት ነበራቸው። ያ ወረቀት በቀረበ ቀን ግን ሰዎቹን የለያቸው ማን ማኅተሙን አኖረ፣ ማንስ እምቢ አለ የሚለው ሆነ። ዳዒዎቻችንን ስንወድ ስማቸው ከገነነበት ቀን ይልቅ መናገር ጥቅም ባሳጣበት ቀን ምን እንዳደረጉ እንመልከት፤ ሲሳሳቱም እንደ ጀበርቲ በጎውን ሳንክድ ስሕተቱን እንናገር። አላህ በአባታቸው እጅ የገበያውን ሚዛን፣ በእሳቸው ብዕር የሰዎችን ሚዛን ያቃናላቸውን የእኚህን ቤተሰብ ሥራ ይቀበል፤ ይዘንላቸውም።