ኮሊን ቻፕማን፦ ከጓሮ ጋራዥ ተነስቶ የእሽቅድድም መኪናን አሠራር የለወጠ መሐንዲስ

እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን የሎተስ ኩባንያን ከመመሥረቱ በፊት መኪና መሥራትን የተማረው ከአንድ መኖሪያ ቤት ጀርባ በሚገኝ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ገንዘብም ሆነ በቂ መሣሪያ ባልነበረበት በዚያ ሥፍራ የቀሰመው ትምህርት በኋላ ሰባት የፎርሙላ አንድ የአምራቾች ዋንጫዎችን ለማግኘት አብቅቶታል። ያው ትምህርት ልኩን ባለፈ ጊዜ ደግሞ ያስከፈለው ዋጋ ከባድ ሆኗል።

ቻፕማን ሜይ 19 ቀን 1928 (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሪችመንድ ተወለደ። ያደገው አባቱ ሆቴል ያስተዳድርበት በነበረው በሰሜን ለንደን ሲሆን፣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የስትራክቸራል ምሕንድስና ተምሯል። በዩኒቨርሲቲው የአየር ክንፍ የአውሮፕላን በረራ መለማመዱም ስለ ቀላልና ጠንካራ አካል አሠራር ለነበረው አስተሳሰብ መሠረት ሆኖታል።

ተማሪ ሳለ አሮጌ መኪናዎችን እየገዛ በመሸጥ ጥቂት ገንዘብ ማግኘት ጀምሮ ነበር። ሆኖም የእንግሊዝ መንግሥት በ1947 መጨረሻ ለግል ተሽከርካሪዎች ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የቤንዚን ራሽን በማቋረጡ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ወደቀ። ወጣቱ ነጋዴም የያዛቸውን መኪናዎች በኪሳራ ሸጦ በመጨረሻ ገዥ ያጣ አንድ አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ቀረው።

ቻፕማን ይህችን መኪና ከመጣል ይልቅ በ1948 በእጮኛው በሄዘል ዊሊያምስ ወላጆች ቤት ጀርባ ወደሚገኝ ጋራዥ አስገብቶ በእርሷ እገዛ እንደ አዲስ ሠራት። አሮጌውን አካል ገፎ በማንሳት አሉሚኒየም በተለበጠ ኮምፔንሳቶ አዲስ አካል ገጠመላት። ይህ አካል የሻንሲውን ጥንካሬ የሚያግዝ ጭምር ነበር። አንድ ክፍል ሁለት ተግባር እንዲያከናውን ማድረግ ክብደትም ገንዘብም እንደሚቆጥብ የተገነዘበው በዚህ ሥራ ነው። መኪናዋም የመጀመሪያዋ ሎተስ ተብላ ትታወቃለች።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1952 ከሄዘል በተበደረው 25 ፓውንድ የሎተስ ምሕንድስና ኩባንያን አቋቋመ። የኩባንያው የመጀመሪያ ወርክሾፕ በአባቱ ሆቴል ግቢ ውስጥ የነበረ የፈረስ ጋጣ ነበር። በዚህም ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ተበይዶ የተሠራ የራሱ ሻንሲ ያላት ማርክ ስድስት የተባለች መኪና ማምረት ተጀመረ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር በአዲስ መኪና ላይ ከፍተኛ የግዥ ግብር ይጣል ነበር። ተገጣጥሞ ያልተጠናቀቀና በክፍልፋይ የሚሸጥ መኪና ግን ከግብሩ ነፃ ስለነበር ቻፕማን ሻንሲውንና ሌሎች ክፍሎችን ለደንበኞች በማቅረብ መኪናውን ራሳቸው በቤታቸው እንዲገጥሙ አደረገ። ደንበኛውም ሞተርና ካምቢዮ ከተራ የፎርድ መኪና ላይ አውጥቶ መጠቀም ይችል ነበር።

በ1957 ለገበያ የቀረበችው ሎተስ ሰቨን የዚህ አሠራር ዋነኛ መገለጫ ናት። ክብደቷ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ በመሆኑ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው አነስተኛ ሞተር ይበቃት ነበር። ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሸጥ ይከለክል ስለነበር ኩባንያው የመኪናዋን መፍቻ መመሪያ ይሰጥ፣ ደንበኛውም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተከተለ ይገጥም ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል።

በጋራዡ ሰቨንን የገጠመ ሰው ከቅናሹ ሌላ የሚያገኘው ጥቅም ነበረው። ፍሬኑን፣ መሪውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን በገዛ እጁ ስለሚዘረጋ የእያንዳንዱን ክፍል ሥራ ያውቃል። በደንብ ያልጠበቀ ቡሎን ወይም አየር የገባበት የፍሬን መስመር መዘዙ በራሱ ላይ እንደሚመጣም ስለሚረዳ ከፍጥነት ይልቅ ጥንቃቄን ይማራል።

ቻፕማን የጋራዡን ትምህርት ወደ ታላላቅ ውድድሮች ወሰደው። በ1962 የቀረበችው ሎተስ 25 የቱቦ ሻንሲን ትታ እንደ አውሮፕላን በላሜራ ቅርፊት በመሠራቷ፣ ሻንሲዋ ከቀዳሚው ሞዴል በክብደት በግማሽ ሲያንስ በጥንካሬ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። በ1967 በሎተስ 49 ላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ የሻንሲው አካል ሆኖ የኋላውን ክፍል እንዲሸከም ተደረገ። በ1948 በኮምፔንሳቶ የተሞከረው ሐሳብ በዚህ መልኩ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ቡድኑ ከ1963 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ሰባት የአምራቾችና ስድስት የአሽከርካሪዎች የዓለም ሻምፒዮናዎችን አሸንፏል።

ይሁን እንጂ ክብደትን ያለማቋረጥ የመቀነስ ጥረቱ ሌላ ገጽታም ነበረው። በ1969 በስፔን ግራንድ ፕሪ በሁለቱ የሎተስ መኪናዎች ላይ የተገጠሙት ረጃጅም ክንፎች ተሰብረው መኪናዎቹ ተጋጩ። በአደጋው የተጎዳው አሽከርካሪ ዮኸን ሪንት ደካማ ክፍሎች እንዲጠናከሩ ለቻፕማን በደብዳቤ አሳስቦ ነበር። ሪንት ሴፕቴምበር 5 ቀን 1970 በጣሊያን ሞንዛ በልምምድ ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ለአደጋው መነሻ የሆነው የፊት ፍሬን ዘንግ መሰበሩ፣ ሞቱን ያስከተለው ግን በአግባቡ ያልተተከለው የመንገዱ መከላከያ መሆኑ በምርመራ ተገለጸ። ቻፕማን ከክሱ ነፃ ቢወጣም፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ከአንድ ዘንግ ላይ የሚቀነስ ጥቂት ግራም የሰው ሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል አደጋው አሳይቷል።

ቻፕማን ዲሴምበር 16 ቀን 1982 በ54 ዓመቱ በልብ ሕመም በድንገት አረፈ። ኩባንያው በዴሎሪያን መኪና ፕሮጀክት የነበረው ተሳትፎ ካስከተለው የገንዘብ ቅሌት ጋር በተያያዘም የሎተስ የፋይናንስ ኃላፊ የነበረው ግለሰብ በ1992 የእሥራት ቅጣት ተላልፎበታል።

በ1973 በእንግሊዝ የግዥ ግብር በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ በክፍልፋይ የሚሸጥ መኪና የነበረው የግብር ጥቅም አበቃ። በዚያው ዓመት የሰቨንን የማምረት መብት የተረከበው ኬተርሃም የተባለው ድርጅት ግን መኪናዋን ዛሬም ባልተገጠሙ ክፍሎች ጭምር ይሸጣል። የግብር ቅናሹ ከቀረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ገዥ መገኘቱ፣ ሰዎችን ወደ ጋራዡ የሚስበው የገንዘብ ቁጠባ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። የሚጋልቡትን መኪና በገዛ እጅ መሥራት ስለ ቅለት ብቻ ሳይሆን ስለ ኃላፊነትም ያስተምራልና።