አስተማሪዎችን ያስተማረ አይሮፕላን ነጂ

አንድን ሙያ ማወቅና ያንኑ ሙያ ለሌላ ማስተማር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው ግን የፊተኛውን ሲያገኝ የኋለኛውም አብሮ የመጣለት ይመስለዋል። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርበው የብሪታንያ መኮንን ሮበርት ስሚዝ ባሪ ይህን ልዩነት በአየር ትምህርት ውስጥ አጥርቶ ያሳየ ሰው ነው። ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስሚዝ ባሪ በ1886 ተወለደ። መብረርን በ1911 ተምሮ በ1912 አዲስ ወደተቋቋመው የአገሩ የአየር ጓድ ገባ። በነሐሴ 1914፣ ጦርነቱ ገና እንደ ጀመረ፣ በፈረንሳይ አገር አይሮፕላኑ ወድቆ ሁለት እግሮቹ ተሰበሩ፤ አብሮት የነበረውም ወታደር ሞተ። እርሱ ግን ከዳነ በኋላ እያነከሰ ወደ በረራው ተመለሰ።

በ1916 በፈረንሳይ ግንባር የ60ኛው ስኳድሮን አዛዥ ሆነ። ከአገር ቤት የሚላኩለት ወጣቶች አይሮፕላን አስነሥተው ከማሳረፍ በቀር እምብዛም የማያውቁ ነበሩ። እንዲህ ያሉትን ልጆች ወደ ውጊያ መስደድ ከበደውና ለበላዩ ለጄኔራል ትሬንቻርድ ደጋግሞ ጻፈ። ጄኔራሉም ነቀፌታውን በዝምታ አላለፈውም፤ ያሰበውን ራሱ ሠርቶ እንዲያሳይ በዚያው ዓመት መጨረሻ በጎስፖርት የሚገኝ የማሠልጠኛ ጓድ እንዲያዝ አደረገው።

በዚያን ጊዜ የነበረው ልማድ አስተማሪው ለነፍሱ ስለሚፈራ መሪውን ለተማሪው በሙሉ አለመልቀቅ ነበር። አደገኛ የተባለውንም እንቅስቃሴ ተማሪው እንዳይነካው ይከለከል ነበር። ስሚዝ ባሪ ይህን ገለበጠው። ተማሪውን ከመጀመሪያው ትምህርት አንሥቶ በነጂው ወንበር አስቀመጠው፤ ለሁለቱም መሪ ባለው አቭሮ 504 በተባለው አይሮፕላን አስተማረው። የሞተሩ ድምፅ ንግግር ስለሚያግድም አስተማሪው በጎማ ቧንቧ በተማሪው ጆሮ እንዲናገር አደረገ።

ዋናው ነገር ግን ምክንያትን ማስረዳቱ ነው። ክንፍ አየሩን ከመጠን ባለፈ ማዕዘን ሲገጥመው የመሸከም ኃይሉን ያጣል፤ አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ሲወድቅም አይሮፕላኑ እንደ እንዝርት እየሾረ ይወርዳል። ይህ ለብዙዎች የሞት ምልክት ነበር። ስሚዝ ባሪ ግን ተማሪውን ወደ ላይ አውጥቶ ሆን ብሎ ወደዚህ ሹረት ያስገባው ነበር። የእግር መሪውን ከሹረቱ በተቃራኒ ገፍቶ እጀታውን ወደ ፊት መስደድ እንደሚያድን በገዛ እጁ እንዲያየው ያደርጋል። ፍርሃቱም በዕውቀት ይተካል።

በ1917 ጎስፖርት የአስተማሪዎች ትምህርት ቤት ሆነ። እንዴት እንደሚማርና በአየር ላይ ምን እንደሚነገር በጽሑፍ ተዘጋጀ፤ በዚያ የሠለጠኑት አስተማሪዎችም ወደየክፍላቸው ሲመለሱ ዘዴውን ይዘውት ሄዱ። እንዲህ በመደረጉ ዕውቀቱ በአንድ ጎበዝ ሰው ራስ ውስጥ ተቀብሮ ከመቅረት ዳነ። ዘዴው ከብሪታንያ አልፎ በሌሎች አገሮችም ተስፋፋ።

ስሚዝ ባሪ በ1949 በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ ሞተ። የጎማው ቧንቧ በኤሌክትሪክ መነጋገሪያ ተተክቷል፤ አስተማሪው እያስረዳ ተማሪው የሚነዳበት ሥርዓት ግን ዛሬም አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ከበታቻችን ያለውን የምናሠለጥን እኛም ልንጠይቅ የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መሪውን ለተተኪው እንለቅለታለንን? ወይስ ስለ ፈራን ብቻ ይዘነው እንኖራለን?